ውጤቱን የደበቀው ቤት፦ የ12ኛ ክፍል ፈተናና አንድ የጎንደር ቤተሰብ

ለምን ጻፍኩት

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስለ ተማሪዎቹ ብዙ ይባላል። ስለ ወላጆቹ ግን ብዙም አይወራም። እኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ተማሪዎችን የማማከር ሥራ አለብኝ። ውጤት በወጣ ሰሞን ቢሮዬ የሚመጡት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ አባትና እናትም ይመጣሉ። ስለ ልጃቸው ብለው ይጀምራሉ። ጥቂት ቆይተው ግን ስለ ራሳቸው ድካም፣ ስለ ዘመድ አዝማድ፣ ስለ ሰፈሩ ወሬ ያወራሉ። ከንግግራቸው በፊት እንባ የሚቀድማቸውም ብዙ ናቸው።

ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱን በዝርዝር መዝግቦ ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ይህን የመረጥኩት ቤተሰቡ ያደረገውን ብዙ ቤት ስለሚያደርገው ነው። ውጤቱን ደበቁት። ከዚያ የወጡበት መንገድ ደግሞ ገንዘብም የተለየ እውቀትም የሚጠይቅ አይደለም። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስም አልጠራም፤ ማንነታቸውን የሚያሳብቅ አንዳንድ ዝርዝርም ቀይሬአለሁ።

ቤተሰቡ

አባት ልብስ ሰፊ ነው። አራዳ አካባቢ ሁለት የስፌት መኪና የያዘች ጠባብ ሱቅ አለችው። ዓመቱን የሚያኖረው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ምሳውን እንኳ እዚያው ነው የሚበላው። እናት በሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሦስት ልጆች አሏቸው። ጉዳዩ የትልቋ ልጃቸው ነው።

ልጅቷ ከታች ክፍል ጀምሮ ደረጃ እየያዘች ነው የመጣችው። እናቷ ደግሞ ጋዋን የለበሱ የሕክምና ተማሪዎች ሐኪሙን ተከትለው ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ ያላየችበት የሥራ ቀን የለም። ወለሉን እየወለወለች "አንድ ቀን የእኔም ልጅ" እያለች እንደኖረች ነግራኛለች። ጎንደር ላይ ይህ ምኞት የእሷ ብቻ አይደለም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻው በፈረንጆቹ 1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ከተማው ሐኪም፣ ጤና መኮንንና ነርስ ሲያስመርቅ ነው የኖረው። ሰፈር ውስጥ ጎበዝ ልጅ ሲታይ "ዶክተር" ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ይህችንም ልጅ ጎረቤቱ ሁሉ "ዶክተሯ" ነበር የሚላት።

አባት በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነጭ የቴትሮን ጨርቅ ገዝቶ ሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ለጋዋን መሆኑ ነው። ፈተናው ገና አልተሰጠም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የእናት የእህት ልጅ ከዓመታት በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመርቆ ዛሬ ሥራ ይዟል። በትምህርቱ ከዚህች ልጅ እንደማይበልጥ ቤተሰቡ ሁሉ ይስማማል። እሱ በገባበት ጊዜ ግን የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። አሁን ለሁሉም አንድ መስመር ተሠምሯል፦ 50 ከመቶ። ወላጆቹ "እሱ ከገባ እሷማ" እያሉ ነበር የሚጠብቁት። አሠራሩ መለወጡን ሰምተዋል፤ በራሳቸው ቤት ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሰቡትም።

ውጤቱ

ተማሪን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በዚያ ዙር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዙር 3.2 ከመቶ። እሷ በተፈተነችበት በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፤ በቁጥር 36,409 ተማሪዎች፣ በመላው አገር።

የእሷ ዘመን ተማሪዎች የመጡበትንም መንገድ ማየት ያስፈልጋል። 8ኛ ክፍል ሳሉ ኮሮና ትምህርት ቤት አዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ወደ 10ኛ ክፍል ሊሻገሩ ሲሉ፣ የሰሜኑ ጦርነት ከጎንደር በስተሰሜን እስካለችው ዳባት ድረስ መጣ፤ ጎንደር በተፈናቃይ ተጨናነቀች። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ትምህርት ይቆራረጥ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ተማሪ የሚያጠናው በቴሌግራም ከሚለዋወጠው ኖትና የድሮ ጥያቄ ነው። እሱ ሲዘጋ የቀረላቸው መጽሐፍና የጓደኛ ደብተር ብቻ ሆነ።

ውጤቱ የወጣው ጳጉሜን ላይ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ነው። ታናሽ ወንድሟ በአባቱ ስልክ የፈተና ቁጥሯን በጽሑፍ መልእክት ወደ 6284 ላከ። መልሱ ሲመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ነበር። ጮክ ብሎ አነበበው። እንግሊዝኛ 54፣ ሒሳብ 31፣ ፊዚክስ 38፣ ኬሚስትሪ 49፣ ባዮሎጂ 57፣ አፕቲትዩድ 52። ድምር 281። ከ600 ለማለፍ 300 ያስፈልጋል። 19 ጎደላት።

እናት ራሷን ይዛ አለቀሰች። አባት ዝም ብሎ ቆየና አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ "ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው?" ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ልጅቷ እያንዳንዷን ቃል ይዛታለች። በኋላ ስታወራኝ ውጤቱን ሳይሆን መጀመሪያ ያነሳችው ይህችን ንግግር ነበር።

መደበቁ

በማግስቱ እናት አንድ ውሳኔ ወሰነች። ለጠየቀ ሁሉ "ገና አልታየም፣ ኔትወርክ የለም" እንዲባል። ኔትወርክ እንደልብ ስላልነበረ ሰው አመነ። ልጅቷም እንዲሁ እንድትል ታዘዘች። ወንድሟም፣ የ3ኛ ክፍል ተማሪዋ ታናሽ እህቷም ጭምር።

በእንቁጣጣሽ ቤቱ እንግዳ ሞላው። ልጅቷ ጓዳ ተኝታ "ትንሽ አሟታል" ተባለ። የክፍል ጓደኞቿ አበባ ይዘው መጡ፤ እነሱም ሳያዩዋት ተመለሱ። ከቤት አትወጣም። ከሰው ጋር ማዕድ አትቀርብም። ቀን ትተኛለች፤ ሌሊት ትነቃለች።

አባት ጋ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ነበረው። ወሩ የዩኒፎርም ወር ነው። በየቀኑ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እሱ ተንበርክኮ የሱሪውን ቁመት እየለካ ሳለ ከላዩ "ያቺ ጎበዝ ልጅህስ ስንት አመጣች?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። አፉ ውስጥ የያዛቸውን ስፒሎች ሳያወጣ ራሱን እየነቀነቀ ያልፈው ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጭ እንኳ ስፒል በከንፈሩ መያዝ እንደለመደ እናት ነግራኛለች። ወደ ማታ ላይ ሱቁን ቶሎ መዝጋት ጀመረ። በዓመቱ ጥሩ ገቢ በሚገኝበት ወር ማለት ነው።

በዚህ መሃል የአባት ታላቅ ወንድም ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ልጅቷን ሊመክሩ መጡ። ምስጢሩ ለእነሱ ተነግሯል። ሐሳባቸው ቅን ነበር። ሳሎን አስቀምጠው "አይዞሽ፣ ከወደቁ መነሳት አለ፣ ከእንግዲህ ግን ከጓደኛ ራቂ፣ ስልክ ቀንሺ" አሏት። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች "እሺ" አለች። እነሱ ሲወጡ ጓዳ ገብታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ሁለት ሰው ሲጣላ ወይም አንዱ ሲያጠፋ ነው። እሷም የተረዳችው እንዲያ ነው፤ አጥፍታ እንደተዳኘች።

እናት እኔ ዘንድ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የገፋፋት ልጅቷ የተናገረችው ነገር ነበር። "እማዬ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ምን አድርጌ ነው የምትደብቂኝ?"

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው ልጅቷ በሌለችበት ከእናት ጋር መቀመጥ ነበር። ቤቴ ቡና ተፈላ። እናት እስከ ሦስተኛው ድረስ አወራች። እሷ ራሷ ከ10ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ እናቷ ታመው። ሥራ ቦታ ከእሷ በዕድሜ የሚያንሱ ሐኪሞች በስሟ አይጠሯትም። ልጅቷ ያን ሁሉ ትክስልኛለች ብላ ነበር የኖረችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለባሏም። እኔ ብዙ አልተናገርኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፦ ይህ ሐዘን የልጅቷ ነው ወይስ ያንቺ? ትንሽ አሰበችና "የእኔ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ስታዝን እኔ ዘንድ ወይም እህቷ ዘንድ እንድትመጣ፣ ልጅቷ ፊት ግን እንዳታለቅስ ተስማማን። ማልቀስ ነውር ስለሆነ አይደለም። ልጅቷ የእናቷን እንባ ባየች ቁጥር ዕዳዋ የሚጨምር ስለሚመስላት ነው።

ከልጅቷ ጋር ለብቻችን ስንገናኝ ከሁሉ በፊት ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ጠየቅኳት። ቀጥዬ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ሐሳቡን የሚዘራ ይመስለዋል። አይዘራም። "አላሰብኩም፤ ግን ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር" አለችኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ነገሩ ከአስተማሪና ከጎረቤት አቅም በላይ ነው። ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል እንድትታይ ነገርኳቸው። አባት "እብድ ሊሏት ነው" ብሎ ተቃወመ። እናት የምትሠራው ሆስፒታል ስለሆነ እሷም ወሬ ፈራች። ቢሆንም ይዛት ሄደች። ባለሙያዋ ታነጋግራት ጀመር። እንቅልፏ ተስተካከለ፤ ምግብም መብላት ጀመረች። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የተቻለው ይህ ስለቀደመ ነው።

አባትን እኔ ማግኘት አልቻልኩም። ሲያየኝ ሥራ ይበዛበታል። ያገኙት የነፍስ አባቱ ናቸው። ምን እንዳሉት ሙሉውን አላውቅም፤ እሱ የነገረኝን ያህል ልጻፍ። አባ ጎንደር ውስጥ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። በጉባኤ ቤት ሳሉ ቅኔ አልቆጠር ብሏቸው ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ አብረዋቸው የጀመሩት ሲመረቁ እሳቸው ሌላ መምህር ፍለጋ በእግራቸው ጎጃም እንደወረዱ አጫወቱት። "እናቴ ያኔ ተስፋ ቆርጣ ቢሆን ዛሬ አንተን የሚናዝዝህ ሌላ ሰው ነበር" አሉት። አባት ይህን ሲነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ።

ከዚያ በኋላ እኔም ቁጥሮቹን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ከመቶ ተፈታኝ ያለፈው አምስት ተኩል እንኳ እንደማይሞላ በወረቀት ጽፌ አሳየሁት። ዩኒፎርም ከሚሰፋላቸው ከእያንዳንዱ መቶ ተማሪ ስንቱ እንደሚያልፍ በራሱ አሰላ። እሱ ላይ ይህ ሠርቷል። ልጅቷ ላይ ግን ፈጽሞ አልሠራም። ተመሳሳዩን ቁጥር ስነግራት "ቲቸር፣ ከእኔ ክፍል ግን አራት ልጆች አልፈዋል" ነበር መልሷ። ተማሪ ራሱን የሚያወዳድረው ከአገር ጋር ሳይሆን አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር ነው።

ለእሷ የሠራው የውጤት ወረቀቷን በትምህርት ዓይነት ለያይቶ ማየት ነው። በሦስቱ ከ50 በላይ ናት። በኬሚስትሪ በአንድ ነጥብ ነው የቀረችው። የጎዷት ሒሳብና ፊዚክስ ናቸው። የ11ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሯን አውጥተን አየን። ሦስት ምዕራፍ ባዶ ነው። በዚያ ዓመት የሒሳብ መምህር ለረጅም ጊዜ አልነበራቸውም። በክፍል ፈተና የተማሩት ብቻ ስለሚጠየቅ አንደኛ መውጣቷን ቀጠለች። ብሔራዊ ፈተናው ግን ያልተማረችውንም ጠየቃት። "ስለዚህ ደደብ አይደለሁም ማለት ነው" አለች። እንዲህ ትል እንደነበር እንኳ ማንም አያውቅም ነበር።

ይህንኑ ለአባቷ ደብተሩን ከፍቼ አሳየሁት። ባዶውን ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገ። "ልብስ ቢጠባት ልብሱን ነው የምፈታው፤ ልጄን አልቆርጥ" አለ። ከዚያ ማታ ለልጁ "ያን ቀን የተናገርኩት አንቺን አልነበረም" እንዳላት ከእሷ ሰማሁ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም። ለእሷ ግን በቂ ነበር።

ምስጢሩ የወጣበት ቀን

እናት እውነቱን ለመናገር መስቀልን መረጠች። ደመራው ተለኩሶ ቤተ ዘመድ ታላቅ እህቷ ቤት ይሰበሰባል። ምን እንደምትል አስቀድመን ተለማመድን። አጭር መሆን አለበት። ሰበብ የለው፣ ለቅሶ የለው። ልጅቷም ቃሉን ሰምታ ትፍቀድ። ፈቀደች። እሷ በራሷ የጨመረችው "ሒሳብ ነው የጎዳኝ በይ" የሚለውን ብቻ ነው።

እናት ቡናው ላይ እንዲህ አለች፦ "ልጄ 281 ነው ያመጣችው። ማለፊያው 300 ነበር። ሒሳብ ነው የጎዳት። ሪሜዲያል ይደርሳት እንደሆነ እየጠበቅን ነው።" ሪሜዲያል ያለችው የማካካሻ ትምህርቱን ነው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ታላቅ እህቷ "የእኔስ ልጅ 190 አይደል" አለች። የእሷም ልጅ በዚያው ዓመት ተፈትኖ ነበር። እስከዚያ ቀን "ውጤቱ ተሳስቶ ነው፤ ቅሬታ አስገብተናል" እየተባለ ነበር የሚወራው። ሁለት እህትማማቾች ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል እርስ በርስ ሲደባበቁ ከርመዋል። ሁለቱም ሌላዋ እንዳትሰማ እየጸለዩ። በዚያ ቀን ሁለቱ ልጆች ጓሮ ወጥተው ለረጅም ሰዓት ሲያወሩ ቆዩ።

ከጥቂት ተማሪ በስተቀር ማንም ያላለፈበት ፈተና ነው። እያንዳንዱ ቤት ግን ብቻውን የወደቀ መስሎት በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። በመደበቅ ውስጥ ያለው ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል። የሚያጽናናህን ሰው አንተው ራስህ ታሸሸዋለህ።

ምርጫው

አማራጮቹ አራት ነበሩ። አንደኛው ሪሜዲያል። ማለፊያ ሳያመጡ ለተቀመጠው ነጥብ የደረሱ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለወራት የማካካሻ ትምህርት የሚወስዱበት ነው። ምዘናው 70 ከመቶው ከማዕከል፣ 30 ከመቶው ከዩኒቨርሲቲው ነው። 50 ከመቶ ያመጣ ወደ አንደኛ ዓመት ያልፋል። ሁለተኛው በግል ተመዝግቦ ፈተናውን እንደገና መውሰድ። ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ። አራተኛው አሜሪካ ያለው አጎት ያመጣው ሐሳብ ነበር፦ በግል ኮሌጅ ከፍሎ ማስተማር።

አጎት ገንዘቡን ለመላክ ዝግጁ ነበር። አንድ ደላላም "የማለፊያ ውጤት ሳይጠየቅ ዲግሪ አስጀምራታለሁ" ብሎ አባትን ያዘው። ይህን በጊዜ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር። ማለፊያው ለግል ኮሌጅም ያው ነው። ያለ እሱ የተጀመረ ዲግሪ ቆይቶ ማስረጃው ሲጣራ ባዶ ይሆናል፤ ያኔ አራት ዓመትና ገንዘቡ አብረው ይሄዳሉ። ያዘነ ወላጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቀላል ሲሳይ ነው። ውጤት በወጣ ሰሞን ምንም ክፍያ አለመፈጸምን እንደ ሕግ ቢይዙት ጥሩ ነው።

አባት እንደገና እንድትፈተን ፈለገ። "ሪሜዲያል ሲባል ሰው ይንቃታል" የሚል ነበር ምክንያቱ። ልጅቷ ሪሜዲያልን መረጠች። ምክንያቷ ሌላ ነበር። ቤት ቁጭ ብላ አንድ ዓመት ማጥናት እንደማትችል ታውቃለች፤ አስተማሪ ያስፈልጋታል። ቴክኒክና ሙያንም በደንብ አይታዋለች። ሪሜዲያሉ ካልተሳካ ጎንደር ላይ በሕክምና ላቦራቶሪ ወይም በአይቲ ለመግባት ወስና ስለነበር ፍርሃቷ ቀለለላት። የእሷ ምክንያት ከአባቷ ምክንያት ይልቅ ስለ ትምህርቱ የሚናገር ስለነበር የእሷን ተቀበልን። አባት ወዲያው አልተዋጠለትም።

ምደባው ሲወጣ ሩቅ አገር ደረሳት። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ አጎት ለኮሌጅ ያሰበውን ገንዘብ ለአውሮፕላን ትኬት አደረገው። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፈረች።

አሁን ያሉበት

ሪሜዲያሉን አልፋለች። ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሕክምና ትገባለች ወይ ለሚለው መልስ የለም። የሚወስነው የአንደኛ ዓመት ውጤቷ ነው፤ እሷም አሁን ፋርማሲን ታነሳለች። ሒሳብ አሁንም ይከብዳታል። አብሯት የተፈተነው የአክስቷ ልጅ ሪሜዲያል አልደረሰውም፤ ጎንደር ላይ በቴክኒክና ሙያ የአውቶሞቲቭ ሥልጠና ላይ ነው። እሱ ከሁላቸውም ቀድሞ ገቢ ሳያገኝ አይቀርም።

ያልተፈታም አለ። እናት ተማሪዎቹ በጋዋን ሲያልፉ ዛሬም ልቧ ይደማል። ይህን አትሸሽገኝም። ሽማግሌ ሆነው የመጡት አጎት "ምክራችን ሠራ" ብለው ያምናሉ፤ ልጅቷ ግን እሳቸው ያሉበት ቤት መግባት አትወድም። አባትም ነጩን ቴትሮን ሸጦታል፤ ለአንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን።

ለሌላ ወላጅ የሚጠቅመው

ከዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የምወስደው ወላጅ ሐዘኑን የሚያራግፍበት ሰው ቀድሞ ማግኘት እንዳለበት ነው። ጓደኛ፣ እህት፣ የነፍስ አባት፣ ማንም ይሁን፤ ልጁ ብቻ አይሁን። የመጀመሪያው ምሽት ንግግር ደግሞ ለዓመታት ይቀመጣል። የሚባል ካጣችሁ "እራት እንብላ" በቂ ነው።

ውጤቱን ማንበብ የልጁ ፋንታ ነው። ወንድም በሰው ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ የለበትም። ልጁ ብቻውን አይቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ራሱ ይንገራችሁ። ለዘመድ የሚነገረውም አጭርና እውነት ይሁን፤ ቃሉን ልጁ ይስማበት። ሳይዘገይ ይነገር። አንድ ሳምንት የተደበቀ ውጤት ከወጣ ውጤት ይበልጥ ይከብዳል፤ መደበቁም ራሱ ሌላ የሚደበቅ ነገር ይሆናልና።

ምክር ካስፈለገ አንድ ሰው፣ ለብቻ፣ ልጁ የሚቀርበው ይሁን። ጉባኤ አትጥሩበት። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከቀረ፣ ስለ መሞት ወይም ስላለመንቃት ንግግር ከመጣ አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ጎንደር ላይ በዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ወሬ ያልፋል።

ታናናሾችን አትርሱ። በዚህ ቤት ያን ሰሞን 10ኛ ክፍልን ጨርሶ የነበረው ወንድም ማንም ሳያየው "እሷ ካላለፈች እኔማ" ብሎ ማጥናት አቁሞ ነበር። ያወቅነው ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲወርድ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ዙር ያለፈው 8.4 ከመቶ መድረሱን ነግሬዋለሁ፤ እሱንም እንደ እህቱ ሁሉ ቁጥሩ ብዙም አላጽናናውም። አባቱ ግን በየወሩ የሒሳብ ደብተሩን ያያል። ሒሳቡን አያውቀውም፤ ባዶ ገጽ ግን ያውቃል። ባዶ ሲያገኝ ወደ እኔ ይደውላል።

እኔም በትምህርት ቤታችን የ12ኛ ክፍል ወላጆችን የምሰበስብበትን ጊዜ ቀይሬአለሁ። ድሮ ውጤት ከወጣ በኋላ ነበር፤ አሁን ግንቦት ላይ ሆኗል። ያን ቀን የምናወራው ልጁ 300 ባያመጣ በዚያ ምሽት ማን ምን እንደሚል፣ ለዘመድ ምን እንደሚነገርና ሪሜዲያል፣ ቴክኒክና ሙያ ወይም ድጋሚ ፈተና ከሚሉት የትኛው ለዚያ ልጅ እንደሚሆን ነው። ውጤት ከወጣ በኋላ ለስብሰባ ሲጠሩ የሚመጡት ልጆቻቸው ያለፉላቸው ወላጆች ብቻ ናቸው።